አጭር ከሆነ ቁጣ አይደለም

«አሞኛል፣ ከቤት አልወጣሁም። ይቅርታ ተቅዋ፣ ብቻሽን አቅርቢው።»

ኢሽራፍ መላኪያውን ተጫነችና ስልኩን ከነእጇ ወደ ጃኬቷ እጅጌ አስገባችው። ነፋሱ ጣቶቿን አደንዝዟቸዋል። ከእግሯ በታች የፌሪው፣ የመኪና አሻጋሪው ጀልባ፣ ሞተር ብረቱን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል። የስፋክስ ወደብ ክሬኖች፣ ከጀርባቸውም ነጫጭ የጨው ክምሮች፣ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ከላይኛው ፎቅ፣ ከጭስ ማውጫው ጀርባ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቀርቀና ደሴት የሚሻገር ሰው ብርዱን ፈርቶ ታች፣ መኪናው ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ውሸት የጻፈ ሰው የጻፈውን ደግሞ ማየት ያምረዋል። ኢሽራፍም ስልኩን አውጥታ የላከችውን ከፈተች። ቃሎቹ እንዳሉ ናቸው። ከቃሎቹ ሥር ግን ሦስት መስመሮች አሉ።

*ከስልኬ የተላከ።*
*አጭር ከሆነ ቁጣ አይደለም፤ ጀልባ ላይ ነኝ።*
*ሞንጂ*

ስልኩን ወደ ዓይኗ አቀረበችው።

አምስት ወር ሙሉ እነዚህን ሦስት መስመሮች ኢሜይል በላከች ቁጥር በእጇ ስትሰርዝ ኖራለች። አውራ ጣቷን መሰረዣው ላይ ታሳርፍና ከታች ወደ ላይ፣ ፊደል በፊደል፣ ምንም እስከማይቀር ትጠብቃለች። ከዚያ ትልካለች። አንድም ቀን ረስታ አታውቅም። ዛሬ፣ ከቤት አልወጣሁም ብላ በዋሸችበት ቀን፣ እጇ ደንዝዞ ረሳች።

ቶሎ ብላ ሌላ መጻፍ ጀመረች። «ተቅዋ፣ ከታች ያለውን እንዳታዪው፣ እሱ…» እሱ ምን? ቀና ስትል የኔትወርኩ ምልክት አንድ በአንድ እየጠፋ ነበር። አባቷ «መሐል ባሕር ላይ ከአላህና ከዓሣ በቀር የሚያገኘኝ የለም» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ስልኩ «መልእክቱ አልሄደም» አላት።

ሰዓቱ አራት ሊሆን አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። ልክ በአራት ሰዓት ከተማው መሐል ባለው የባህል ማዕከል ውስጥ የተማሪዎች የሳይንስ ክበቦች ውድድር ይጀመራል። ተቅዋ ሰማያዊ ሸሚዟን ለብሳ፣ ያቺን ከሸክላና ከዘንባባ ቃጫ የሠሯትን፣ ያለ መብራት ዓሣ የምታቀዘቅዝ ሳጥን ታቅፋ መድረኩ ሥር ቆማለች። የሚያነቡት ሦስት ገጽ ነው። አንደኛውና ሦስተኛው የተቅዋ ናቸው። ሁለተኛው የኢሽራፍ ነው፤ «ሐሳቡ ከየት መጣ» የሚለው።

ሐሳቡ የመጣው ከአባቷ ነው። ሞንጂ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነበር። በየቅዳሜው የዓሣ መጋዘኖቹንና የሆቴሎቹን ማቀዝቀዣ ለማየት ወደ ቀርቀና ይሻገራል። መብራት ሲጠፋ አጥማጆቹ ዓሣውን በምን እንደሚያቆዩ ከደሴቱ ሽማግሌዎች ተምሮ፣ አንድ ቀን እቤት በረንዳ ላይ በባልዲና በቃጫ ሞክሮ አሳያት። ያኔ የሠራው ሳጥን ቀሽም ነበር፤ ውኃው ሁሉ ፈሶ የጎረቤት ምንጣፍ አበላሸ። በዚህ በጣም ስቀዋል።

ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ኢሽራፍ ሁለተኛውን ገጽ ይዛ ቆመች። «ይህችን ሳጥን መጀመሪያ የሠራት አባቴ…» አለች፤ ከዚያ በኋላ ድምፅዋ አልወጣም። የክበቡ ልጆች ዝም አሉ። ዝምታቸው ከሳቃቸው የባሰ ነበር። በማግስቱ ደግሞ የክበቡ ኃላፊ ማዳም ረውዳ ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ሁለት የወላጅ መጋበዣ ካርድ አደሉ። ኢሽራፍ ሁለቱንም ተቀብላ «አመሰግናለሁ ማዳም» አለች፤ እቤት ስትደርስ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ከተተቻቸው።

ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ወደ ባህል ማዕከሉ ልትሄድ ነበር። እውነቷን ነው፣ ልትሄድ ነበር። የአትክልት ገበያው ጋ ስትደርስ ግን ወደ ግራ መታጠፍ ሲገባት እግሯ ቀጥ ብሎ ወደ ወደቡ ወሰዳት።

---

ያንን ፊርማ የጻፈችው ራሷ ኢሽራፍ ናት። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ቦታውም ይኸው አግዳሚ ወንበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ሆቴል ባለቤት ለሞንጂ ረጅም ኢሜይል ጻፈ። ስለ ጤናው ጠየቀ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀ፣ የበረዶ ማሽኑ ከሠርግ በፊት ይደርስ እንደሆነ በትሕትና ለመነ። ሞንጂ ጀልባው እየናጠው በዚያ ወፍራም አውራ ጣቱ መለሰ፦ «አይደርስም።» በቃ፣ አንድ ቃል። ሰውየው አንድ ወር ሙሉ ሰላምታ ነሳው፤ ሥራውንም ለሌላ ሰጠ።

«ልጄ» አላት ሞንጂ በዚያ ቅዳሜ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት፣ «‹አይደርስም› ማለት ስድብ ነው እንዴ?»

«ባባ! ሰላምታ እንኳ የለውም እኮ!»

«ሰላምታውን በልቤ ብየዋለሁ።»

«ልብህ በኢሜይል አይሄድማ!»

ሳቀ። ከዚያ ስልኩን ሰጣት። ያኔ ስልኩ በራሱ ጊዜ ከየደብዳቤው ሥር የሚለጥፈው መስመር ነበረው፣ የሠራውን ፋብሪካ ስም የሚጠራ። ሞንጂ እሱን አይወደውም ነበር። «ደመወዝ ሳይከፍለኝ ማስታወቂያ ያሠራኛል» ይላል። ኢሽራፍ ማስተካከያው ውስጥ ገብታ ያንን አጠፋችና ቀና ብላ አየችው።

«ምን ልበልልህ?»

«ከስልክ ነው በይ። እጄ ወፍራም ነው በይ።»

«እንዲህማ አይባልም።»

«እሺ አጭር ከሆነ ቁጣ አይደለም በይ። ጀልባ ላይ ነኝ በይ።»

«ሁልጊዜ ጀልባ ላይ ነህ እንዴ?»

«የሚጽፉልኝ ሁልጊዜ ጀልባ ላይ ስሆን ነዋ!»

ጻፈችው። የሆቴሉ ሰውዬም ፊርማውን አይቶ በሚቀጥለው ሳምንት ደወለ፤ ብዙ ሳቀ፤ ታረቁም።

ሞንጂ የሞተው የወይራ ለቀማ በተጀመረበት ሰሞን፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የአንዱን እግር ጫማ አስሮ ነበር፤ ሁለተኛውን አላሰረም። ልቡ ነው አሉ። እናቷ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ማየት አልቻለችም፤ ለሌላ ሰው መስጠትም አልቻለችም። ስለዚህ ለኢሽራፍ ሰጠቻት። ከፊደሎቹ ቁልፎች ውስጥ መሐለኛዋ በአባቷ አውራ ጣት ተልጣ ነጭ ሆናለች።

ማዳም ረውዳ ክበቡን የሚያስተዳድሩት በኢሜይል ነው። የደብዳቤ ወግ የማያውቅ ተማሪ ሳይንስም አያውቅም ይላሉ። ዓመቱ ሲጀመር አንድ ወረቀት አድለው ነበር፦ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ጉዳይ፣ ከዚያ ምስጋና፣ መጨረሻ ላይ የራሳችሁ ስም በራሳችሁ እጅ። «ስልካችሁ በራሱ የሚለጥፈውን አጥፉ» ብለዋል። «በምን ስልክ እንደምትጽፉ ሰው ማወቅ አያስፈልገውም።»

«ታዲያ አዲስ ስልክ መግዛቴን በምን ይወቁልኝ?» ብሎ ከክበቡ ልጆች አንዱ፣ ወሲም፣ ክፍሉን አሳቀው።

ኢሽራፍ ከሐዘን ተመልሳ ለክበቡ የመጀመሪያውን ኢሜይል በአባቷ ስልክ ስትልክ ስለ ፊርማው ጨርሶ አላሰበችም። ወሲም ለሁሉም መለሰ፦ «ወይኔ ፀጉሬ ቆመ! ይሄ ሰውዬ ከየት ነው የሚጽፍልን?» ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሌላ ላከ፦ «ይቅርታ። አላሰብኩም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሲም ዓይኗን አያያትም። ማዳም ረውዳም በማግስቱ ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆም አደረጓት።

«ልጄ፣ ያቺ መስመር… ሰው ይደነግጣል። ብታነሺያት አይሻልም?»

«እሺ ማዳም።»

እሺ አለች እንጂ ማስተካከያው ውስጥ አልገባችም። እዚያ ከጠፋ ጠፋ፤ ሁለተኛ አይመጣም። በእጅ ሲሰረዝ ግን ለዚያች ደብዳቤ ብቻ ነው። አዲስ ደብዳቤ በከፈተች ቁጥር ሦስቱ መስመሮች ተመልሰው ይመጣሉ። ባባ መጥቶ ከታች ይቀመጣል፤ ሰላም እንኳ ሳይባባሉ ታስነሳዋለች።

---

«የሞንጂ ልጅ!»

ሂላል ነበሩ፣ የጀልባው ሻይ ሻጭ። በአንድ እጃቸው ሁለት ብርጭቆ ይዘው፣ ጀልባው ሲያዘነብል አብረው እያዘነበሉ መጡ። በዚህ ጀልባ ላይ ስሟን ጠርቶ የሚያውቅ የለም። ሁሉም የሞንጂ ልጅ ነው የሚላት።

«ዛሬም ደርሶ መልስ ነው?» አሉ ሂላል አንዱን ብርጭቆ እየሰጧት። «አራተኛ ቅዳሜሽ እኮ ነው። መሬቱን ረግጠሽ ተመለሽ እንጂ፣ ደሴቲቱ ቅር ይላታል።»

«ይበርዳል አጎቴ።»

«እዚህ ጭስ ማውጫው ሥር ደግሞ ይሞቃል!» ብለው ከጎኗ ተቀመጡ። ጉልበታቸውን አሹት። ሁለቱም ሻያቸውን እፍ እያሉ ጠጡ። ራቅ ብሎ፣ ባሕሩ ጥልቀት በሌለው ቦታ፣ አጥማጆች ለወጥመድ የተከሏቸው የዘንባባ ቅርንጫፎች ከውኃው በላይ ተደርድረው ይታያሉ።

«እኔ ማንበብ አልችልም፣ ታውቂያለሽ» አሉ ሂላል። «አባትሽ ግን የሚጽፈውን ሁሉ ለእኔ ነበር የሚያነብልኝ። አንድ ደብዳቤ ጽፎ ሳይልክ ወደ ሻዩ ባንኮኒ ይመጣል። ‹ሂላል፣ ስማኝማ፣ ይሄ ቁጣ ይመስላል?› ይለኛል። ‹ትንሽ› እለዋለሁ። ይመለስና አንድ ‹ወንድሜ› ይጨምርበታል። እንደገና ይመጣል። ‹አሁንስ?›»

ኢሽራፍ ሳቀች። ሳቁ ሳታስበው ነው የወጣው፤ በድምፅዋ ደነገጠች።

«የምን ቁጣ!» አሉ ሂላል። «ያ ሰውዬ ተቆጥቶ አያውቅም። ሰው ተቀየመኝ ብሎ ግን ይፈራ ነበር። አንድ ሰው አኩርፎት ከዋለ ሻዬን አይጨርስም።»

ኢሽራፍ ስልኩን እጅጌዋ ውስጥ ጨበጠችው። ተቅዋ አሁን ሁለተኛው ገጽ ላይ ደርሳ ይሆናል።

«አጎቴ፣ ሰው ዋሽቼ ብሆንስ?»

«ማንን?»

«ጓደኛዬን። እቤት ተኝቻለሁ አልኳት።»

ሂላል ባሕሩን አዩ፣ ብርጭቋቸውን አዩ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሻይ ሻጭ ነኝ» አሉና ተነሡ። ሁለት እርምጃ ሄደው ግን ዞር አሉ። «ብርጭቆውን እንዳትወረውሪው። ባለፈው ሳምንት አንድ ቱሪስት ወረወረብኝ፣ ወረቀት መስሎት።»

---

ቀርቀና ደርሰው መኪኖቹ ሲወርዱ ኢሽራፍ ከወንበሯ አልተነሣችም። ሌሎች መኪኖች ገቡ። ጀልባው ዞረ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ የስፋክስ ክሬኖች እንደገና ብቅ ሲሉ ስልኩ እጅጌዋ ውስጥ ሁለቴ ተንቀጠቀጠ።

የመጀመሪያው ከማዳም ረውዳ ነበር።

«ውድ ኢሽራፍ፣ ይማርሽ። ተቅዋ በደንብ አቅርባለች፤ ለሚቀጥለው ዙር ግን አላለፋችሁም። ከመልእክትሽ ሥር ያለው መስመር ተቅዋን ትንሽ ግራ አጋባት። ስልኩ ራሱ የሚጽፈው የአባትሽ ፊርማ መሆኑን አስታውሻታለሁ። ስለዚህ አትጨነቂ፣ በደንብ እረፊ። ረውዳ።»

ኢሽራፍ ሁለቴ አነበበችው። ከደረቷ ላይ አንድ ነገር ቀለል አለ። ማዳም ራሳቸው በሩን ከፍተውላታል። ምንም መናገር አያስፈልጋትም፤ አንድም ቃል መጨመር የለባትም። ደግሞም እውነት ነው፣ ስልኩ ራሱ ነው የጻፈው።

ሁለተኛው ከተቅዋ ነበር። እንደ ማዳም ደንብ አይደለም፣ ሰላምታ የለውም።

«ከውድድሩ በኋላ መጣሁ። አንኳኳሁ፣ አልተከፈተም። ተኝተሽ ይሆናል ብዬ ብርቱካኑን በሩ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። ያንቺን ገጽ ዘለልኩት። እኔ ላነበው አልቻልኩም፣ ያንቺ ነው። ዳኛው ሐሳቡ ከየት መጣ ሲል ዝም አልኩ። ማዳም ያ መስመር ስልኩ ራሱ የሚጽፈው ነው አሉኝ። እውነት ነው?»

ከደረቷ ላይ የቀለለው ነገር ተመልሶ መጣና ተቀመጠ።

---

ብርቱካኑ በሩ እጀታ ላይ በከረጢት ተንጠልጥሏል። የታመመ ሰው ጋ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ተቅዋ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አትረሳም። ስድስት ናቸው፣ ከነቅጠላቸው። ከከረጢቱ ጥግ የተጣጠፈ ወረቀት አለ። የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ነው፤ የሁለቱም ስም ተጽፎበታል። የኢሽራፍ ይቀድማል።

ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸውና ተቀመጠች። እናቷ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ፈረቃ የምትመለሰው በስምንት ሰዓት ነው። ቤቱ ውስጥ ከማቀዝቀዣው እንጉርጉሮ በቀር ድምፅ የለም። እሱን ማቀዝቀዣ አባቷ ስንት ጊዜ ጠግኖታል፤ «የጠጋኝ ቤት ማቀዝቀዣ መቼም አይሞላለትም» እያለ። አሁንም እየነዘረ ነው። የሚጠግነው ግን የለም።

ስልኩን ከፍታ መልስ ጀመረች። «አዎ፣ ስልኩ ራሱ…» ብላ ጻፈች። አየችው። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። አባቷ ሞቷል፣ ስልኩ የእሱ ነው፣ ፊርማው በራሱ ይመጣል። ተቅዋ ታምናታለች። ምናልባት እንዲያውም በመጠየቋ ታፍራለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች። እንደ ወሲም። ከዚያ እሷም ዓይኗን አታያትም።

በሩ ተከፈተ። እናቷ ገባች፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ብርቱካኑን አየች።

«ማን አመጣው?»

«ተቅዋ።»

«አብራችሁ አልነበራችሁም? ዛሬ አይደል እንዴ ውድድሩ?»

ኢሽራፍ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። እናቷ ቀረብ ብላ መዳፏን ጉንጯ ላይ አደረገች፤ አንሥታ ጣቶቿን አሸት አሸት አደረገቻቸው።

«ጨው ነው» አለች ቀስ ብላ። ቅዳሜ ማታ ማታ አባቷ ሲገባ ፊቱን እንዲሁ ነበር የምታደርገው። «ሄደሽ ነበር?»

«አዎ።»

እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የሥራ ጋወኗን እንኳ አላወለቀችም። ክር እጅጌዋ ላይ ተጣብቋል።

«ካርዶቹን መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አየኋቸው» አለች። «ሐሙስ ነው ያየኋቸው። አንዱን ብትሰጪኝ እኮ ፈረቃ እቀይር ነበር።»

«ሁለተኛው ወንበር ባዶ ይሆን ነበር፣ እማዬ።»

እናቷ አንድ ብርቱካን አነሣችና መላጥ ጀመረች። ልጣጩን ሳትቆርጥ፣ ዙሪያውን እየዞረች፣ አንድ ረጅም ጥብጣብ አድርጋ ላጠችው።

«እንዲያ ይሆን ነበር» አለች። «እኔ ቦርሳዬን አስቀምጥበት ነበር።»

ግማሹን ለኢሽራፍ ሰጥታ ሌላውን ግማሽ ይዛ ልብሷን ልትቀይር ገባች።

ኢሽራፍ የጀመረችውን ሰረዘች። እንደገና ጻፈች። ስለ ልምምዱ ጻፈች፣ ስለ ድምፅዋ፣ ስለ ዝምታቸው፣ ስለ ካርዶቹ። ገጹ ሞላ። ስታነበው እንዲታዘንላት የተጻፈ መሰላት፤ አባቷን ከፊት አቁማ ከጀርባው የተደበቀች መሰላት። ያንንም ሰረዘችው። የቀረው ይህ ነው፦

«ተቅዋ፣ አልታመምኩም። እውነትም ጀልባ ላይ ነበርኩ። ስታንኳኪ ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም። ሁለተኛውን ገጽ ማንበብ ፈራሁ። ሰኞ መጀመሪያ ላንቺ አነብልሻለሁ፣ ከዚያ ለማዳም እነግራቸዋለሁ።»

ጮክ ብላ አነበበችው፣ ለባዶው ወጥ ቤት። ቁጣ ይመስላል? ትንሽ ይደርቃል። ተመልሳ ከተቅዋ ስም በፊት «እህቴ» ጨመረች። አሁንስ?

ከሥሩ ሦስቱ መስመሮች ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። አውራ ጣቷ በልማድ ወደ መሰረዣው ሄደ፤ እዚያው ቆመ። ከዚያ ደብዳቤውን እንዳለ ትታ፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ከነበረባት ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማስተካከያው ውስጥ ገባች። ፊርማው በትንሽ ሳጥን ውስጥ አለ።

ጠቋሚውን ከሁለተኛው መስመር ጫፍ አሳረፈችው። «ነኝ» ሄደ። «ላይ» ሄደ። «ጀልባ» ላይ ስትደርስ እጇ ትንሽ ዘገየ፤ እሱም ሄደ። አሁን እሷ ያለችው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። «አይደለም» ጋ ስትደርስ አቆመች። እሱን ተወችው።

የመጨረሻው መስመር ቀረ። ሞንጂ። እሱን ለመሰረዝ ነበር የገባችው፤ ቢያንስ እንደዚያ ነበር ያሰበችው። ጠቋሚውን ከስሙ በስተኋላ አድርጋ ብዙ ተቀመጠች። ማቀዝቀዣው ነዘረ፣ ተንገጫገጨ፣ ዝም አለ። ከጓዳ እናቷ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ተሰማት።

ከስሙ በፊት አንድ ፊደል ጨመረች፣ ከስሙ በኋላ ሁለት ቃል። ስትጽፋቸው መሐለኛዋን ነጭ ቁልፍ ሁለቴ ተጫነቻት። ወደ ደብዳቤው ተመልሳ አዲሱ ፊርማ በቦታው መግባቱን አየች፤

*ከስልኬ የተላከ።*
*አጭር ከሆነ ቁጣ አይደለም።*
*የሞንጂ ልጅ ኢሽራፍ*

ምንም ሳትሰርዝ ላከችው።